ጣፋጭና ጥቂት ጋዝ ያለው የፖም ጠጅ በቤት ስለ ማዘጋጀት

አውሮፓውያን ሲደር የሚሉት የፖም ጠጅ ከፖም ጭማቂ በእርሾ ፈልቶ የሚገኝ መጠጥ ነው። ዛሬ በጋሞ ደጋ በጨንቻ ፖም ስለሚበቅል፣ ይህን መጠጥ በቤቱ ሊሞክር የሚሻ ሰው ጥሬ ዕቃውን ከባሕር ማዶ መጠበቅ አያስፈልገውም። አሠራሩም ከትዕግሥትና ከንጽሕና በቀር ብዙ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ጀማሪው ሁሉ የሚመኘው፣ ማለት መጠጡ ጣፋጭም ጋዝ ያለውም እንዲሆን መፈለጉ፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ክፍል መሆኑን አስቀድሞ ሊረዳው ይገባል።

ምክንያቱም ጣዕሙም ጋዙም የሚገኙት ከአንዱ ስኳር ነው። እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። በአንድ ሊትር ውስጥ 4 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ አንድ ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። የፖም ጭማቂ ደግሞ በሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር ስላለው፣ ሁሉም በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ቢፈላ የመጠጡን 25 እጥፍ የሚያህል ጋዝ ይታፈናል ማለት ነው። በወፍራሙ የሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ እንኳ የሚገኘው 6 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ተራው ጠርሙስ ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል።

የአገራችን ጠጅ ጣፋጭም ጥቂት ጋዝ ያለውም ሆኖ ሳለ ይህ አደጋ የማይደርስበት፣ ጋዙ ከጋኑ እንደ ልቡ ስለሚወጣና መጠጡ ሳይቈይ በብርሌ ስለሚቀርብ ነው። አደጋው የሚጀምረው ከማሸጉ ላይ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ዕቃው ሁሉ በሚገባ ይታጠባል። 5 ሊትር ጭማቂ በመስታወት ዕቃ ይደረግና ለአረፋው ጥቂት ባዶ ቦታ ይተውለታል። ጭማቂው ከሱቅ የተገዛ ከሆነ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሶርቤት ወይም ቤንዞኤት የተጨመረበት እንደ ሆነ እርሾው አይሠራም። ከዚያ 5 ግራም ያህል የወይን ጠጅ እርሾ ይጨመራል። የዳቦ እርሾም ይሠራል፤ ነገር ግን አተላው ቶሎ አይረጋም፣ ጣዕሙም የዳቦ ሽታ አያጣውም። የዕቃው አፍ በቡሽ ተደፍኖ፣ በቡሽው የገባው ቀጭን ቱቦ ጫፉ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ጋዙ ይወጣል፣ አየር ግን አይገባም። አየር የገባበት መጠጥ ኰምጣጤ ይሆናል።

ከ2 እስከ 4 ሳምንት ድረስ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ይቀመጣል። የአረፋው መቆም ብቻውን አያስተማምንም፤ በሃይድሮሜትር ተለክቶ ከ3 ቀን በኋላም ያው ቍጥር ሲገኝ ነው ፍላቱ አበቃ የሚባለው። ያን ጊዜ መጠጡ ከአተላው በቱቦ ተለይቶ ይቀዳል፤ ስኳሩም ስላለቀ ደረቅ ነው።

ጋዙን ለማግኘት በሊትር 6 ግራም ስኳር፣ ለ5 ሊትርም 30 ግራም፣ በሚዛን ተመዝኖ ይጨመራል። በማንኪያ መገመት አይገባም። ጣዕሙን ለማግኘት ግን እርሾ የማይበላው ማጣፈጫ፣ ለምሳሌ ኤሪትሪቶል፣ መጨመር ይቻላል። አስተማማኝ ዘዴ ነው፤ በአፍ ላይ የሚተወው ጣዕም ግን ለጸሐፊው ብዙ አያስደስትም። ከዚህ የሚሻለው መጠጡን ገና ጣፋጭ ሳለ፣ የለስላሳ መጠጥ ማሸጊያ በነበረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማሸግ ነው። ጠርሙሱ በየቀኑ በጣት ይጫናል፤ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል። ብርድ እርሾውን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውምና በ2 ሳምንት ውስጥ መጠጣት አለበት። ለመጀመሪያ ሙከራ የምንመክረው ይህንኑ ነው።

ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ግን ይህ አይበቃም። ጠርሙሱ ከመደብሩ ከወጣ በኋላ በፀሐይ ይቀመጥ ወይም በብርድ፣ ባለ መደብሩ አያውቅም። ስለዚህ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860ዎቹ ለወይን ጠጅ ያጠናው የማሞቅ ዘዴ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም የታሸገውን ጠርሙስ በ65 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አቈይቶ እርሾውን መግደል ነው። ሙቀት የጋዙን ግፊት አብዝቶ ስለሚያሳድግ፣ ለቢራ ወይም ለሻምፓኝ ከተሠራ ጠንካራ ጠርሙስ በቀር ሌላ አይሞከርም። ማሞቂያው ክዳን ይኑረው፤ ሠራተኛውም የዓይን መከላከያ ሳያደርግ ክዳኑን አይክፈት።