ቁስሉ ለምን አልድን አለ?

አንድ ገበሬ አጥር ሲያጥር እግሩን እሾህ ወጋው እንበል። ቁስሉ አመረቀዘ፤ መግል ያዘ። ገበሬው ወደ ጤና ጣቢያ አልሄደም። ጎረቤቱ ዓምና ታሞ ሲድን የተረፈው የአንቲባዮቲክ ፍሬ ስለነበረ ሰጠው። አራት ፍሬ ዋጠ። ቁስሉ ትንሽ ቀለል አለው። ከሳምንት በኋላ ግን እግሩ ከፊተኛው ብሶ አበጠ። «ጎረቤቴን ያዳነ መድኃኒት እኔን ለምን አላዳነኝም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት በላቦራቶሪ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት።

ባክቴሪያና መድኃኒቱ

ቁስሉን መግል ያስያዘው ባክቴሪያ የሚባል ጀርም ነው። ባክቴሪያ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው። ምግብና ሙቀት ከተመቸው አንዱ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሁለት ይሆናል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆኑ ይራባሉ። ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያግድ መድኃኒት አንቲባዮቲክ ይባላል።

አንቲባዮቲክ ሁሉ ግን ባክቴሪያን ሁሉ አይገድልም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ ሐኪም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1928 ፔኒሲሊንን አገኘ። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን መግል አምጪ ባክቴሪያ በደንብ ይገድል ነበር። ብዙ ሳይቆይ፣ በ1940ዎቹ ውስጥ፣ ፔኒሲሊን የማይገድለው ስታፊሎኮከስ በሆስፒታሎች ተስፋፋ። ይህኛው ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ነገር ያመነጫል። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ መድኃኒቱን ከመጠኑ አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያጠነክረው አስጠንቅቋል።

ነገሩ እንደ አረም ነው። ደካማው አረም ተነቅሎ ሥሩ የጠነከረው ከቀረ፣ ማሳውን የሚሞላው ያ የቀረው ነው።

በላቦራቶሪ ምን ይሠራል?

ታዲያ የትኛው መድኃኒት የትኛውን ባክቴሪያ እንደሚያሸንፍ በምን ይታወቃል? ባክቴሪያውን አብቅሎ በመፈተን ነው።

በመጀመሪያ ከሕመምተኛው መግል፣ ሽንት ወይም ደም በንጹሕ ዕቃ ይወሰዳል። ይህ ናሙና ይባላል። ናሙናው በሳህን ላይ በረጋ ምግብ ይቀባል። ምግቡ ከሥጋ ጭማቂና ከሌላም ነገር የተሠራ ነው። ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ ሲያድር ባክቴሪያው ይበቅላል።

በሁለተኛው ቀን ባለሙያው ከበቀለው ጥቂት ወስዶ በጨው ውሃ ይበጠብጣል። የውሃው ድፍርስነት ልክ አለው። ዘር ሲበዛ ወይም ሲያንስ ሰብሉ እንደሚበላሽ ሁሉ፣ ባክቴሪያውም ከበዛ ወይም ካነሰ ውጤቱ ይሳሳታል። ከዚያ በጥጥ እየነከረ ሌላ ሳህን ላይ በሦስት አቅጣጫ ይቀባዋል። ገበሬ ማሳውን አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም እንደሚያርሰው ማለት ነው። ያልተነካ ቦታ መቅረት የለበትም።

ቀጥሎም ትንንሽ ክብ ወረቀቶችን በላዩ ይደረድራል። የአንዱ ወርድ 6 ሚሊሜትር ነው። እያንዳንዱ ወረቀት የተለያየ አንቲባዮቲክ ይዟል። ሳህኑ 35 ዲግሪ ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል።

በሦስተኛው ቀን ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ቡቃያ ሸፍኖት ይገኛል። በአንዳንዱ ወረቀት ዙሪያ ግን ምንም ያልበቀለበት ባዶ ክብ ይታያል። የዚያ ወረቀት መድኃኒት ባክቴሪያውን አግዶታል። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ከበቀለ ግን መድኃኒቱ አላሸነፈውም።

ባለሙያው የክቡን ወርድ በማስመሪያ ለክቶ ለዚያ መድኃኒት ከተዘጋጀው ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል። ትልቁን ክብ ያወጣ መድኃኒት ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። አንዱ መድኃኒት በረጋው ምግብ ውስጥ ፈጥኖ ይሰራጫል፤ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው። ይህን ዘዴ በ1966 በአሜሪካ አገር ባወር፣ ከርቢ፣ ሼሪስና ተርክ የተባሉ አራት ባለሙያዎች ወጥ መልክ አስያዙት።

ሌላም ዘዴ አለ። ባክቴሪያው በተርታ በቆሙ ብልቃጦች ይጨመራል። በየብልቃጡ ያለው መድኃኒት 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እጥፍ እጥፍ ይሄዳል። ባክቴሪያ የበቀለበት ብልቃጥ ይደፈርሳል፤ ያልበቀለበት ጥርት ይላል። ከጠሩት ውስጥ አነስተኛው መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ፣ ባክቴሪያውን ለማገድ ስንት እንደሚበቃ ያሳያል።

እኛስ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ገበሬው እንመለስ። የእሱ ባክቴሪያ ከጎረቤቱ የተለየ ሊሆን ይችላል። አራቱ ፍሬዎችም ደካማውን ገድለው ጠንካራውን ትተውት ይሆናል። ሳይመረመር ማወቅ አይቻልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል።

ስለዚህ፦

- ከሰው የተረፈ ወይም ለከብት የተገዛ መድኃኒት አንውሰድ።
- ከመመርመራችን በፊት የወሰድነው መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ አንደብቅ። በመድኃኒቱ ምክንያት ባክቴሪያው ሳህኑ ላይ ላይበቅል ይችላል።
- ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ወደ ሆስፒታል ከላኩን ሳንዘገይ እንሂድ። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ውጤቱን ሳይጠብቅ መድኃኒት ያስጀምራል፤ ውጤቱ ሲደርስ አስፈላጊ ከሆነ ይለውጠዋል።
- የታዘዘልንን በመጠኑ፣ እስከታዘዘው ቀን ድረስ እንውሰድ።
- ጉንፋን በቫይረስ እንጂ በባክቴሪያ አይመጣም። ስለዚህ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ አይጠቅምም።

ጥያቄዎች

1. የገበሬው ቁስል ያልዳነው በምን ምክንያት ሊሆን ይችላል?
2. በወረቀቱ ዙሪያ የሚታየው ባዶ ክብ ምን ያመለክታል?
3. የጨው ውሃው ድፍርስነት ለምን ልክ ይኖረዋል?
4. በቤታችሁ የተረፈ መድኃኒት አለ? ለማን የታዘዘ ነበር? ለምን ተረፈ? ተወያዩበት።