እንጦጦ ለምትወጪው ልጄ

ልጄ፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ጋር እንጦጦ ልትወጡ እንደሆነ ነግረሽኝ «ምን ምን እንይ?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍኩልሽ። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩን ሁሉ ወደ ውሃ ብጎትተው አትታዘቢኝ። ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ የወረደው፣ ባሕር ዛፉ የወጣበት፣ እናቶች እስከዛሬ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚመላለሱበት ምክንያት ዞሮ ዞሮ ውሃና ማገዶ ነው። ይህን ይዘሽ ከወጣሽ የምታዪው ሁሉ እርስ በርሱ ይያያዝልሻል።

1. ቀኑን አስቢበት። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉ ሲወርድ ከፊትሽ ያለውን ዛፍ እንኳ አታዪም፤ ጭቃውም አያራምድም። መስከረም አጋማሽና ጥቅምት ይሻላል፤ አደይ አበባው አለ፣ ምንጩ አልደረቀም፣ አየሩ ጠርቷል። መስከረም 1 የእንጦጦ ራጉኤል ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ተራራው በሰው ይሞላል። በየወሩ ደግሞ 21 ቀን ማርያም፣ 12 ቀን ሚካኤል ነው። ሕዝቡን ማየት ከፈለግሽ በእነዚህ ቀናት ውጪ፤ የማርያምን ሙዚየም ተረጋግተሽ ማየት ከፈለግሽ ሽሺያቸው።

2. ጫፉ ላይ ስትደርሺ ከተማውን ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ሰው ወጥቶ የሚያየው ደቡቡን ነው፤ ፎቆቹን፣ ከሩቅ የረር ተራራን። ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። አንቺ ግን ዞር ብለሽ ሰሜኑን፣ የሱሉልታን ሜዳ እዪ። የቆምሽበት ሸንተረር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በደቡቡ ወገን የወደቀ ዝናብ በቀበና፣ በግንፍሌና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ከተማውን ያቋርጥና አቃቂ ይገባል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተጠራቅሞ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ የወንጂንና የመተሐራን አገዳ አጠጥቶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። በሰሜኑ ወገን የወደቀው ሱሉልታን አልፎ ሙገርን ይይዛል፤ ሙገር ዓባይን፣ ዓባይ ካርቱምን፣ ከዚያ አስዋንን፣ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነው። አንድ ደመና ያወረዳቸው፣ ጎን ለጎን ያረፉ ሁለት ጠብታዎች አንዱ በረሃ ውስጥ ጨው ሐይቅ ሆኖ ሲቀር ሌላው ግብፅን አልፎ ባሕር ይገባል። ተማሪዎች ይህን ከካርታ ላይ ስነግራቸው ያዛጋሉ፤ ሸንተረሩ ላይ አቁሜ ስነግራቸው ግን እየሮጡ አንድ እግራቸውን ወዲህ አንድ እግራቸውን ወዲያ ያደርጋሉ። አንቺም አድርጊው፤ ትልቅ ሰው ነኝ አትበዪ።

የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ነው። ጥቅምት ላይ ከላይ ስታዪው ሣሩ መሐል ውሃው ያብለጨልጫል። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ የሚወደው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ የወፍ ነገር የሚገባቸው ሰዎች ከባሕር ማዶ ድረስ ይመጡለታል። እኛ ግን ረግረግ ስናይ ባዶ መሬት ይመስለናል፤ አጥር፣ መጋዘንና ፋብሪካ እየገባበት ነው። ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው ያ ሜዳ መሆኑን የምናስታውሰው ጎርፍ ሲመጣ ይሆናል።

3. እንጦጦ ማርያም ስትገቢ ነጠላሽን ልበሺ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥቅምት 1882 ዓ.ም.። በግቢው ባለው ሙዚየም የንጉሡና የእቴጌ ጣይቱ ዘመን ካባ፣ ዘውድና ንዋያተ ቅድሳት ይታያል። አስጎብኚውን አታቻኩዪው።

ቀጥሎ ያለውን ቤተ መንግሥት ስታዪ «ይኼ ነው?» ማለትሽ አይቀርም፤ ሁሉም ይላል። ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ ቤቶች ናቸው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ እዚህ የሰፈሩት ለውበቱ አይደለም፤ ጠላት ከሩቅ ስለሚታይ ነው። ከእሳቸው በፊት ይህ ሁሉ አካባቢ የጉለሌና የኤካ ኦሮሞዎች ግጦሽና መኖሪያ እንደነበር አስጎብኚው ካልነገረሽ እኔ ነግሬሻለሁ። ምሽግ ግን እንጀራ አይጋግርም። ሠራዊቱና መኳንንቱ በየዳገቱ ሰፍሮ ዛፉን ጨረሰው፣ ብርዱና ነፋሱ ጠና፣ ውሃውም ሩቅ ነበር። እቴጌ ከተራራው በታች ያለውን ፍልውሃ ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ልብ በዪ፤ ንግሡ የተፈጸመው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዘውዱ ከላይ ተደፋ፣ ከተማው ከታች ተሠራ።

ግቢው ከወረደ በኋላም ቢሆን ከተራራው አልተላቀቀም። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ የእንጦጦን ምንጭ በቧንቧ ወደ ታችኛው ቤተ መንግሥት አስገባ። ግቢው ያለው ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃው ቁልቁል ወርዶ እንደገና ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ቤትሽ ቧንቧ ስትከፍቺ ይህን አስታውሺ አልልሽም፤ ውሃ በፈረቃ መሆኑን አውቃለሁ።

4. ባሕር ዛፉን አትርገሚው። አሁን አሁን ተማርኩ ያለ ሁሉ ይረግመዋል። አዲስ አበባ ማገዶዋን ጨርሳ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። ያ ሕንፃ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ አዲስ አበባም ሳትነሣ ቀረች። ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቢቆርጡት ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ይኸው ዛፍ ነው።

ግን ጉዳቱንም በዓይንሽ እዪው። ጥቅጥቅ ካለው የባሕር ዛፍ ጫካ ገብተሽ ቁጢጥ በዪና ቅጠሉን በእጅሽ ገለጥ አድርጊ። ደረቅ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ቀይ መሬት። ሣር የለም ማለት ይቻላል። ዝናብ ሲመጣ ያን አፈር የሚይዘው የለም፤ ጠርጎ ቀበና ያወርደዋል። ከዚያ ተነሥተሽ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ አስታና አምጃ ወደ ተተከለበት ሂጂና እንዲሁ አድርጊ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ይረጥባል፣ ትል አለው። በ1980ዎቹ መገባደጃ የተጀመረው የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ሥራ ዓላማው ይኸው ነበር፤ በስተምዕራብ በኩል ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም 705 ሄክታር ይዞ ይህንኑ ይሠራል። አገር በቀል ዛፍ ቶሎ አያድግም። ዘንድሮ ተክለው ዘንድሮ ፎቶ ለሚፈልጉ ሰዎች አይመችም።

5. እንጨት የተሸከመች ሴት ቁልቁል ስትመጣ ካየሽ መንገዱን ልቀቂላት። ቅጠሉና ጭራሮው በገመድ ታስሮ ከትከሻዋ ግራና ቀኝ ይወጣል፤ ጠባብ መንገድ ላይ ዞር ማለት አትችልም። ሠላሳ፣ አርባ ኪሎ ነው፤ ከራሷ ክብደት ብዙም የማያንስበት ጊዜ አለ። ካወረደችው በኋላ መልሳ ለመሸከም የሰው እጅ ትፈልጋለች፤ ስለዚህ አስቁመሽ አታነጋግሪያት። ፎቶ ማንሣቱንም ተዪው። የነዚያ እናቶች ትርፍ ለአንድ ቀን ምጣድ የሚሆን ጭራሮ ሸጦ ማደር ነው፤ የከተማው ሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት እንጀራውን የበላው በእነርሱ ጀርባ ነው ብል አላጋነንኩም። ጫካው ይጠበቅ ሲባል እነርሱ ወዴት ይሂዱ የሚለውን የማይጠይቅ ሰው ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲያወራ ትዕግሥቴ ያልቃል።

6. ጸበል የሚጠመቁ ሕሙማን ባሉበት ካሜራ አታውጪ። ሌላ ምክንያት አልጨምርልሽም።

7. ዋሻ ሚካኤልን ለሌላ ቀን አትበዪው። እንጦጦ ሁሉም ይሄዳል፤ በራሳችን ክፍለ ከተማ በየካ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ግን የመገናኛ ነዋሪ እንኳ ብዙው አያውቅም። በእግር ዳገት ነው፤ በባሕር ዛፍ መሐል ይኬዳል። ካህናቱ በአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ተሠራ ይላሉ፤ አጥኚዎች ወደ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡታል። እኔ አልፈርድም። ጣሪያው ከፊሉ ወድቋል፤ ክረምት ሲገባ ወለሉ ውሃ ይቋጥራል። ዐምዶቹን ከግድግዳው ጋር አያይዘሽ እዪአቸው፤ የተደረደረ ድንጋይ የለም፣ ሁሉም አንድ አካል ነው፤ ሠሪው ሲጠርብ ያጠፋውን መልሶ መጠገን አይችልም ነበር። ላሊበላ ለመሄድ ብር ስታጠራቅሚ ቤትሽ አጠገብ ያለውን ሳታዪ እንዳትቀሪ።

8. አዲሱን እንጦጦ ፓርክ ውደጂው፣ ግን እዚያው አትክረሚ። በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ተሠርቷል፣ ካፌው አለ፣ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ድሮ ሰው በፍርሃት የሚያልፍበት ጫካ ቤተሰብ ይዝናናበታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ሰዉ በመኪና ወጥቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ፣ ማርያምን ሳይሳለም፣ ሰሜኑን ሳያይ በመኪና ይወርዳል። መጀመሪያ ተራመዱ፣ ቡናው ኋላ ይደረስበታል።

9. ጥቃቅኑን ልንገርሽ። ተራራው 3,200 ሜትር ያህል ነው፤ ከታች ከተማው ውስጥ ሆነሽ የማይደክምሽ እርምጃ እዚያ ትንፋሽ ያሳጥርሻል። ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰሉ ሯጮች የሠለጠኑበት አየር ነውና አትፈሪ፣ ግን ቀስ በዪ። ሹራብ ያዙ፤ ጀንበር ዘቅዘቅ ሲል ብርዱ ድንገተኛ ነው። ቆሎና ውሃ ያዙ፤ ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ። ከዋናው መንገድ ስትወጡ ብቻችሁን አትሁኑ፤ የአካባቢውን ልጅ አስከትሉ፣ ዋጋውንም ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ፈረስ የሚያከራዩ ልጆች አሉ፤ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ካያችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውጡበት። ከምሽቱ በፊት ውረዱ፤ ጅቡ የራሱ ሰዓት አለው።

10. ዋሻ ሚካኤል የምትሄዱበትን ቀን ግን ቀድመሽ ደውዪልኝ። ዳገቱን ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ እስከ የካ ሚካኤል በር አብሬአችሁ መጥቼ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አገናኛችኋለሁ፤ እስክትመለሱም በሩ አጠገብ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር እየተጫወትኩ እቆያለሁ።