ለሥራ ወደ ቆላ ስለሚወርዱ መንገደኞችና ስለሚነክሷቸው ተባዮች

ክረምት ሲገባ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ብዙ ሰው የሰሊጡን እርሻ ለማረም፣ ኋላም ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ስለ ደመወዙ እንጂ ስለሚነክሳቸው ነገር ጠይቀው የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ መምህሩና የአገሩ ሽማግሌ አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል።

መንገደኛውን በመጀመሪያ የሚያገኘው በማደሪያ ቤት ያለው ቅማል ነው። ሰው ተጨናንቆ ልብሱን ሳይለውጥ በሚያድርበት ስፍራ ቅማል ተስቦንና ግርሻን ያስተላልፋል። ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ ሁላችንም እያየነው ያደግነው ልማድ ነው፤ ነገር ግን የግርሻው ተሕዋስ በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ስለሚኖር፣ ቅማሉ ሲጨፈለቅ ወጥቶ በታከከ ቆዳ በኩል ይገባል። ልብሱን በውሃ መቀቀል ግን ቅማሉንም ቅጫሙንም ያጠፋል። መዥገር ቢጣበቅ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው እንጂ በእሳት መለብለብ አይገባም።

የቀድሞ ሰዎች ጉዳያቸውን በቆላ ፈጽመው ቀን በቀን ወደ ደጋ መመለስን ይመርጡ ነበር፤ ንዳድ ከክፉ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበርና። ምክንያቱን ሳቱ እንጂ ሥራቸውስ መልካም ነበር፤ ንዳድን፣ ማለት ወባን፣ የምታስተላልፈው ቢንቢ ይልቁን ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለችና። የምትነክሰውም ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ለዕንቁላልዋ ደም ያስፈልጋታል። የወባ ኃይል በቆላ ብቻ እንደማይቀር በ1950ና በ1951 ዓ.ም. ታይቷል፤ ያን ጊዜ ወደ ከፍታው አገር ወጥታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመች፣ 150,000 ያህልም እንደ ገደለች ተገምቷል።

በእርሻ ላይ የሚያድር ሠራተኛ ቤት የለኝም ብሎ አጎበሩን መተው የለበትም። ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከአራት ካስማ ላይ አስሮ ጫፉን ከመኝታው ሥር መወተፍ ይችላል። አጎበሩም መድኃኒት የተነከረ ሊሆን ይገባል፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ከቢንቢ የምታንስ ሌላ ጠላት አለች።

ይህችም የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ናት። ቁመቷ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ስትበርም ድምፅ አታሰማም። ቀን በጥቁሩ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጋ ሌሊት ትወጣለች፤ የግራር ጥላ አገኘሁ ብሎ ከሥሩ የተኛውንም ትነክሰዋለች። የምታስተላልፈው በሽታ ካላዛር ይባላል፤ ትኩሳቱ ይረዝማል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ሳይታከም የቀረ ሰው የሚድነው ከስንት አንድ ነው።

በሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነው ይህን ያስረዳል። በዚያ ብዙ ሰው በትኩሳት ሲሞት በሽታው ወባ ይመስል ነበር፤ የወባ መድኃኒትም ይሰጥ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ወደ ወረዳው የገባውም ከቆላ እርሻ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት እንደ ሆነ ይታመናል።

እንግዲህ ተመላሹን በዐይን አይቶ ደኅና ነው ማለት አይበቃም። ወባ ከተነከሰ በኋላ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይታ ትነሣለች፤ ካላዛር ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይደበቃል፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ንክሻውን ረስቶ በቤቱ ተቀምጧል። ስለዚህ በመንደሩ አንድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሽማግሌው «ባለፈው ክረምት የት አደርህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም በሽተኛው ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር። የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶ ለካላዛር እንዲመረመር ይጠይቅ።