የተበታተነ መረጃን የሚያቀናጅ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

አንድ የንግድ ድርጅት ሽያጩን በአንድ ፕሮግራም፣ ሒሳቡን በሌላ፣ የደንበኞቹን ዝርዝር ደግሞ በኤክሴል የሚይዝ ከሆነ፣ «በዚህ ወር ስንት ደንበኛ ገዛ?» ለሚለው ቀላል ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሊያገኝ ይችላል። የመረጃ ማቀናጃ ሶፍትዌር የተሠራው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ሥራው ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ እነዚህም መረጃውን ከየምንጩ ማውጣት፣ ወደ አንድ ወጥ መልክ መለወጥ እና በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ መጫን ናቸው።

ብዙ ስሕተት የሚደበቀው በሁለተኛው ደረጃ ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ «መስከረም 1 ቀን 2016» ተብሎ የተመዘገበ ሽያጭ ዋሽንግተን ላይ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ሶፍትዌሩ የዘመን አቆጣጠሩን ካልለየ ሽያጩን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ የጳጉሜን ሽያጭ ደግሞ «13ኛ ወር የለም» ብሎ ሊጥለው ይችላል። በአንድ መዝገብ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብላ የተጻፈች ደንበኛም እንደ ሁለት ሰው ትቆጠራለች።

በምርጫ ጊዜ አራት ነገሮች መመዘን አለባቸው።

አንደኛ፣ ግንኙነት። ሶፍትዌሩ ከብዙ መቶ ፕሮግራሞች ጋር መገናኘቱ ሳይሆን ድርጅቱ ከሚጠቀምባቸው ጋር መገናኘቱ ነው ቁም ነገሩ።

ሁለተኛ፣ ፍጥነት። መረጃውን በየደቂቃው ማደስ ወጪ አለው። ለወርኃዊ ሪፖርት በየሌሊቱ አንድ ጊዜ ማደስ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሕግ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 4 በመቶ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሊያስቀጣ ይችላል። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ስለዚህ መረጃው በየትኛው አገር እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አራተኛ፣ ዋጋ። አንዳንድ ኩባንያዎች የሚያስከፍሉት በሚተላለፈው መረጃ መጠን ስለሆነ ንግዱ ሲያድግ ክፍያውም ያድጋል። እንደ አፓቼ ናይፋይ ያሉት ክፍት ሶፍትዌሮች የፈቃድ ክፍያ ባይኖራቸውም ባለሙያ ይፈልጋሉ። ነፃ ነገርም ሊቋረጥ ይችላል፤ ለዓመታት በነፃ ሲቀርብ የቆየው ታለንድ ኦፕን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ተቋርጧል። በመሆኑም መረጃንም ሆነ የአሠራር ደንቦችን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ማዛወር መቻሉ ከወዲሁ መረጋገጥ አለበት።

ውል ከመፈረሙ በፊት ሶፍትዌሩ በሻጩ ናሙና ሳይሆን በድርጅቱ በራሱ መረጃ፣ በተለይም እጅግ በተዘበራረቀው መዝገብ መፈተን ይኖርበታል። የአንድ ወር ሽያጭ በእጅ ተደምሮ ከሶፍትዌሩ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።