የማይታየው አቧራ

የአውድማ አቧራ ሲገባብን ያስነጥሰናል፤ ያስለናል። ስለዚህ ፊታችንን እናዞራለን። አስቤስቶስ የሚባለው ድንጋይ አቧራ ግን ሳይታይና ሳይሰማ ይገባል። የሚገድለውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አስቤስቶስ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ቢሆንም እንደ ጥጥ ይባዘታል፤ ይፈተላል፤ ይሸመናል። እሳት አያቃጥለውም። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎች የጣራ ክዳን፣ የውሃ ቧንቧና የመኪና ፍሬን ሸራ ሠርተውበታል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከክሩ ነው። አስቤስቶስ ሲሰበር ወይም በመጋዝ ሲቆረጥ ክሩ ይደቅና በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ሠራተኛው በትንፋሹ ይስበዋል። የገብስ ጢም ልብስ ላይ ሲሰካ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይልም። ይህም ክር ሳንባ ውስጥ እንዲሁ ተሰክቶ ይቀራል። ሳንባው ይቆስላል፤ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው፤ አይለጠጥም። ያን ጊዜ ትንፋሽ ያጥራል፤ ዳገት መውጣት ያቅታል። ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰርም ያመጣል።

በእንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ ኔሊ ኬርሾ የተባለች ሠራተኛ አስቤስቶስ ትፈትል ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 በ33 ዓመቷ ሞተች። ዶክተር ኩክ ሳንባዋን ሲመረምር የድንጋዩን ስባሪ አገኘበት። ፋብሪካው ግን ካሳ አልከፍልም አለ። ኋላ የመንግሥት ሐኪም 363 የአስቤስቶስ ሠራተኞችን ሲመረምር ከ4ቱ 1 ያህሉ በሳንባ ጠባሳ ታመው ተገኙ። በ1931 የአቧራ መቆጣጠሪያ ደንብ ወጣ። አስቤስቶስ በዚያ አገር ፈጽሞ የተከለከለው ግን በ1999 ነው። እስከዚያ ብዙ ሠራተኛ አለቀ።

ለቀን ሥራ ከተማ ሄዳችሁ አሮጌ ሕንፃ አፍርሱ ብትባሉ፣ «አስቤስቶስ አለበት ወይ?» ብላችሁ ካቦውን ጠይቁ። ካለበት አትስበሩት፤ በመጋዝም አትቁረጡት። አቧራውን በደረቁ አትጥረጉ፤ በውሃ አርጥቡት። አፍን በነጠላ መሸፈን አያድንም። የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ቤት አትግቡ፤ የባሏን ልብስ እያራገፈች ስታጥብ የታመመች ሚስት ብዙ ናት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጥንቃቄው ከሥራው ይቅደም።

ጥያቄዎች
1. የአስቤስቶስ አቧራ ከአውድማ አቧራ በምን ይለያል?
2. ሳንባ ጠባሳ ሲያወጣ ሰው ምን ይሆናል?
3. የሥራ ልብስ ቤት ቢገባ ማንን ይጎዳል?