ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ስለምታሳድግ እናት

ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ የማይመሰክር ክርስቲያን የለም። አራስ ስንጠይቅ፥ ሕፃን ክርስትና ስናነሣ፥ እናቲቱንም እንኳን ማርያም ማረችሽ ስንል ይህንኑ እንናገራለን። ነገር ግን ያ ሕፃን አድጎ ስሙን ቢጠሩት የማይመለስ፥ ዐይን ለዐይን የማያይ፥ እንደ እኩዮቹ ቃል የማያወጣ በሆነ ጊዜ፥ ስጦታ ያለው አፋችን ሳይዘገይ ቅጣት ማለት ይጀምራል። ቅጣት ነው ከተባለም በደለኛ ይፈለጋልና ጣታችን ወደ እናቲቱ ይቀሰራል። በዚህ ትምህርታችን የምንናገረው ኦቲዝም ስለሚባለው የአእምሮ ዕድገት ልዩነትና ይህ ያለበትን ልጅ ስለምታሳድግ እናት ነው፤ ይልቁንም ቤተ ክርስቲያን ለእርስዋ ምን ልታደርግላት እንደሚገባ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን በራሳችን አጥቢያ የተፈጸመ ነገር ነው፤ በደሉም የእኛ ነውና ሳንሸሽግ እንናገረዋለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰንበት ቆመን ስናስተምር፥ ሰባት ዓመት ያህል የሚሆነው ልጅ ከሴቶች መቆሚያ በኩል ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮኽ ጀመር። እናቱ ወደ ደረቷ አስጠጋችው፥ በነጠላዋም ከለለችው፤ ጩኸቱ ግን አልቆመም። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየ። እኛም ትምህርቱ እንዳይታወክብን ብለን አንድ ዲያቆን ጠቀስንና ይዛው እንድትወጣ አስነገርናት። እርስዋም አንድ ቃል ሳትመልስ ልጇን አቅፋ ወጣች። ትምህርታችንንም ጨረስን፤ ያን ዕለት ያስተማርነው ስለ ፍቅረ ቢጽ ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል አላየናትም። በኋላ በአንድ ልቅሶ ቤት አገኘናትና፥ «ልጄ፥ ከቤተ ክርስቲያን ምነው ራቅሽ?» ብንላት፥ «አልራቅሁም አባቴ፤ ውጪ ከተባልሁ ወዲህ ከቅጽሩ ውጭ ከግንቡ ሥር ቆሜ አስቀድሳለሁ። እዚያ ሲሆን የድምፅ ማጉያው አይከብደውም፥ የሚያየንም ሰው የለም» አለችን። የምንመልሰው አጣን። በማግስቱ ወደ ቤቷ ሄደን የሆነባትን ሁሉ እንድትነግረን ለመንናት።

ልጁ በተወለደ በአርባ ቀኑ ተጠመቀ። እስከ ዓመት ከመንፈቁ ድረስ ከሌሎች ልጆች የሚለይበት ነገር አልታያትም፤ «እማ» ማለትንም ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሲጠሩት እንደማይሰማ ሆነ፤ ነገር ግን በሩቅ የሚያልፈውን የመኪና ድምፅ ይሰማ ነበርና ደንቆሮ እንዳልሆነ ዐወቀች። የጠርሙስ ክዳን እየለቀመ በረድፍ ይደረድራል፤ ከረድፉ አንዱን ያነሡበት እንደ ሆነ አብዝቶ ያለቅሳል። ከምግብም ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ካልሆነ ወደ አፉ አያስጠጋም። ሌሊት ብዙ አይተኛምና እርስዋም አትተኛም።

ከድካሙ ይልቅ የጎዳት ግን የሰው ቃል ነበር። የባልዋ ዘመዶች፥ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሏት። ጎረቤቶች እርጉዝ ሳለች በቀትር ወንዝ ተሻግራ እንደ ሆነ ጠየቋት። ሌሎችም የተሰወረ ኀጢአት አላት ብለው አሟት። «አባቴ፥ ሌሊት ተቀምጬ ኀጢአቴን ፈለግሁ፤ የሠራሁትን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ፤ ይህን ልጅ እንዲህ የሚያደርግ ግን አላገኘሁም» አለችን። ባልዋ ሸክሙ ከብዶት ተለይቷታል፤ እርስዋ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ትኖራለች። እንጀራውን ለማድረስ ስትወጣ ልጁን የሚጠብቅላት ስለሌለ በር ቈልፋበት የምትሄድበት ጊዜ ነበር፤ ይህን ስትነግረን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጥቂት ቆይታም፥ «ደግሞ ይስሙት» አለችን። ልጁ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ያንጎራጉር ነበር። ጆሯችንን ሰጥተን ብናደምጥ፥ ሕዝቡ በቅዳሴ ጊዜ የሚቀበለው ዜማ ነው፤ ቃል የለውም፥ ከፍና ዝቅ ማለቱ ግን አንዳች አልጎደለም። ከግንቡ ሥር ሆኖ የተማረው ነው። ዜማ ለመማር ስንት ዓመት በመምህር ደጅ እንደ ቆየን የምናውቅ እኛ፥ በዚያች ቤት አንገታችንን ደፋን።

እንግዲህ ይህ ነገር ምንድር ነው? ኦቲዝም የሚለው ቃል ሥሩ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ራስ» ማለት ነው። በአሜሪካ አገር የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 የ11 ልጆችን ነገር መርምሮ ጻፈ፤ ይህና ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ምርምር እንደ ታወቀው፥ ኦቲዝም የአንጎል ዕድገት ከብዙ ሰው የተለየ መንገድ ሲይዝ የሚታይ ነው። ከምክንያቶቹ በተፈጥሮ ባሕርይ የሚመጣው ብዙውን ድርሻ ይይዛል። ይህም የአንዱን ወገን ዘር ለመንቀፍ አይሆንም፤ ከአባትም ከእናትም ያልነበረ ለውጥ በልጁ አዲስ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለና። መጠኑም ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ተምሮ ለትልቅ ሥራ የሚበቃ አለ፥ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ርዳታ የሚያስፈልገውም አለ።

እናትን መውቀስ የእኛ አገር ስሕተት ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካና በአውሮፓ የተማሩ ሰዎች ለብዙ ጊዜ ኦቲዝም የሚመጣው የእናት ፍቅር ሲቀዘቅዝ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። የሥነ ልቡና ሊቅ የሆነው በርናርድ ሪምላንድ፥ እርሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበረና፥ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ ከአካል ተፈጥሮ እንጂ ከእናት ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳ። ይህም ሆኖ በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ጸሐፊ ያንኑ ወቀሳ በመጽሐፍ አስፋፋው፤ ብዙ እናቶችም ባልሠሩት በደል ሲያለቅሱ ኖሩ። በ1998 ደግሞ ምክንያቱ ክትባት ነው የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር ወጣ፤ ጽሑፉ የታመነ ስላልነበረ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰረዘው። እንግዲህ የእናት ክፋትም፥ ክትባትም፥ ርግማንም ኦቲዝምን አያመጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ይህን ወደ ራሳችን እናምጣው። አንድ ሺህ ሰው በሚያስቀድስበት ደብር ስምንት ያህሉን ልናይ ይገባ ነበር። የት አሉ? በተቈለፈ በር ውስጥ አሉ፤ ከግንቡ ሥር አሉ።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ነገር ተጽፏል። ደቀ መዛሙርት ባዩት ጊዜ ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታችንም የእርሱም የወላጆቹም እንዳይደለ ነገራቸው፤ በእርሱ ሊገለጥ ወዳለው ወደ እግዚአብሔር ሥራም መራቸው። ልብ እንበል፤ ስለ ሰውየው ጠየቁ እንጂ ሰውየውን ምን ትሻለህ ብለው አልጠየቁትም። እኛም ስለዚህች እናት ብዙ ተናገርን፤ ምን እናግዝሽ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። ጌታ ራሱ የመለሰውን ጥያቄ ዛሬ በአንዲት እናት ላይ መልሶ ማንሣት ከትምህርቱ መውጣት ነው።

ደግሞ ይህን እናስብ። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በአርባ፥ ሴቷን በሰማንያ ቀን አጥምቃ ሥጋውንና ደሙን ታቀብላለች። በዚያን ቀን ሕፃኑ ቃል አይናገርም፥ ዐይቶም አይለይም፤ ብዙ ጊዜም ይጮኻል። እንግዲህ በአርባ ቀኑ ስላልተናገረ ያልከለከልነውን፥ በሰባት ዓመቱ ስላልተናገረ እንዴት እናስወጣዋለን? ጥምቀቱ ያው ነው፥ ልጅነቱም ያው ነው። የተለወጠው የእኛ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስለ ጠበልና ስለ ሕክምናም ጥቂት እንናገራለን። እናት ልጇን ወደ ጠበል ብትወስድ በእምነት የምታደርገው ነውና አንከለክላትም፤ በእርሱም ጸጋና መጽናናት ታገኛለች። ነገር ግን ጋኔን አለበት ተብሎ ልጁ እንዲታሰር፥ እንዲመታ፥ ወይም በግድ እንዲጠመቅ ማድረግ አይገባም፤ የውኃ መውረድና የሰው ግፊያ ለእንዲህ ያለ ልጅ እጅግ ያስፈራዋልና። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ስለ ጠበል ብሎ ማስተው ለሞት የሚያደርስ ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን ልጁ በጊዜ ከታወቀለትና ለእርሱ በሚስማማ መንገድ ከተማረ ብዙ ይጠቀማል። ስለዚህ ሕፃን በዓመቱ በስሙ ሲጠራ የማይመለስ፥ በእጁ የማያመለክት፥ የጀመረው ንግግርም የጠፋበት እንደ ሆነ፥ ያድጋል ብሎ ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

በአገራችን ይህን መንገድ የከፈተች እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፥ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ፤ ስለ ልጃቸውም በአደባባይ ሳያፍሩ በመናገር ተሸሽገው የነበሩ ብዙ እናቶችን አወጡ። ልጆቹ ድምፅና ፊደል የሚማሩበትንም ዘዴ አዘጋጅተው አቡጊዳ ብለው ጠሩት። አሁን በሕይወተ ሥጋ የሉም፤ ሥራቸው ግን አለ። አቡጊዳ ማለት ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ተማሮች እንግዳ ቃል አይደለም። የእኛም መምህራን ዐይን የሌለውን ተማሪ በቃል እያስጠኑ ለመምህርነት ሲያበቁት፥ ተማሪውን ወደ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ትምህርቱንም ወደ ተማሪው ያመጡ ነበር። ያ ጥበብ በእጃችን ሳለ ለዚህ ልጅ መንገድ አጣን ማለት አንችልም።

ስለዚህ በየደብሩ ሊደረግ የሚቻለውን እንናገር። አንደኛ፥ ካህኑ ወደ እነዚህ ቤቶች ራሱ ይሂድ፤ እናቲቱ እስክትመጣ አይጠብቅ። ሁለተኛ፥ ከበሩ አጠገብ ወይም የድምፅ ማጉያው በማይበረታበት ስፍራ መቆሚያ ይለይላቸው፤ ልጁ ሲጨንቀው ወጥቶ ሲረጋጋ ይመለስ። ሦስተኛ፥ ሙሉውን ቅዳሴ መቆም የማይችል ቢሆን የንስሐ አባቱ በጊዜ ለይቶ በቁርባን ሰዓት ያቅርበው። አራተኛ፥ ሁለት ሦስት ምግብ ብቻ የሚበላ ልጅ በጾም ምክንያት እንዳይራብ የንስሐ አባቱ ለእናቲቱ ፈቃድ ይስጣት፤ በዚህ ኀሊናዋ አይከሰስ። አምስተኛ፥ በማኅበርና በሰንበቴ ያሉ እናቶች ተራ ገብተው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ልጁን ይጠብቁላት። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ሲገኝ እናቲቱ እንድትማር የሚረዳት ሰው ያስፈልጋታል። ከምጽዋት ሁሉ ይህ የሰዓት ምጽዋት ይበልጥባታል።

ያችን እናት ይቅርታ ጠየቅናት። በሚቀጥለው ሰንበት ከሰሜን በር አጠገብ ስፍራ አስለይተንላት መጣች። ልጁ ዛሬም አንዳንድ ቀን ይጮኻል፤ እናቱም ይዛው ትወጣና ትመለሳለች። ሰው መዞሩን ገና ፈጽሞ አልተወም። ነገር ግን ሕዝቡ ዜማውን ሲቀበል ከበሩ በኩል አንድ ቃል የሌለው ድምፅ አብሮ ይሰማል፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ስናስተምር ያን ድምፅ ሰምተን ዝም እንላለን እንጂ ዲያቆን አንጠቅስም።

ቅጽሩን የሠራነው ቤተ መቅደሱን ለማክበር ነው፤ እናትን ከልጇ ጋር ከውጭ ለማቆም አይደለም። ይህን የምታነቡ አባቶችና ወንድሞች በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከግንቡ ውጭ ዞራችሁ እዩ፤ የቆመች ብታገኙ እጇን ይዛችሁ አስገቧት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።