የአሠራርን ቅደም ተከተል የሚገልጽ ድርሰት፤ የሞተር ብስክሌት የመንዳት ፈተና

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የሚገልጽ ድርሰት ስትጽፉ፣ አንባቢው ቃላችሁን አምኖ እጁንና እግሩን እንደሚያንቀሳቅስ አስቡ። በተረት ውስጥ አንድ ድርጊት ከቦታው ቢዛነፍ አንባቢው ግራ ይጋባል፤ በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ግን ሊወድቅ ይችላል። የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ኩርባው ገባ።
ለ. ነጂው ወደ ኩርባው ገብቶ ፍጥነቱን ቀነሰ።

በሁለቱ መካከል የተለዋወጡት ቦዝ አንቀጹና ማሰሪያ አንቀጹ ብቻ ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተፈጸመውን፣ ማሰሪያ አንቀጽ ተከትሎ የመጣውን ድርጊት ያመለክታል። («ቆሞ ተናገረ» በሚለው ግን ሁለቱ ድርጊቶች በአንድነት ይፈጸማሉ።) የመጀመሪያው ነጂ በደኅና ያልፋል። ሁለተኛው ግን ሞተሩ ባዘነበለበት ሰዓት ፍሬን ስለሚይዝ ጎማው በጠጠር ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የሚወጣውን፣ ወይም ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ የመርሐ ቤቴ፣ የመንዝና የግሼ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን ደግሞ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ለመንጃ ፈቃዱ ዕድሜያችሁ ገና አልደረሰ ይሆናል፤ ለመጻፍ ግን ደርሳችኋል።

«ተፈታኙ ሞተሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት የጎማውን ነፋስ፣ ሁለቱን ፍሬኖች፣ መብራቱንና ፍሬቻውን ይመረምራል። የራስ ቁሩን አጥልቆ ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር ያጠብቃል፤ ያልታሰረ ቁር በውድቀት ጊዜ ይወልቃልና። ከዚያም ፍሪሲዮኑን ጨብጦ አንደኛ ማርሽ ያስገባል። ከመነሣቱ በፊት በስፖኪዮ ከማየቱም ሌላ ዘወር ብሎ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ መስተዋት የማያሳየው ስፍራ አለና። በተተከሉት ምልክቶች መካከል በዝግታ ሲጠማዘዝ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ የኋላውን ፍሬን በቀስታ ይረግጣል፤ ዓይኑንም ከጎማው አንሥቶ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይልካል። ለመቆም ሲፈልግ ሁለቱንም ፍሬኖች ቀስ በቀስ ያጠብቃል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጫን የበለጠ የማቆም ኃይል ያለው የፊተኛው ፍሬን ነው፤ ሆኖም በጠጠር ላይ በድንገት ከተጨበጠ ጎማውን ያንሸራትታል። በረጅም ቁልቁለት ማርሹን ቀንሶ ይወርዳል እንጂ በፍሬን ብቻ አይተማመንም፤ ፍሬን ሲግል ይደክማልና።»

በምንባቡ ውስጥ በ«ና» የተደመደሙትን ሐረጎች ልብ በሉ። ትእዛዙን ከነምክንያቱ የተረዳ አንባቢ፣ ጸሐፊው ያላሰበው መንገድ ቢገጥመው እንኳ የሚያደርገውን አያጣም።

ከዓመታት በፊት በዚሁ ርእስ የተጻፈ የአንድ ተማሪ ድርሰት አርሜ ነበር። ሰዋስውም ሥርዓተ ነጥብም ንጹሕ ነበረ፤ ነገር ግን ተፈታኙ ማርሽ አስገብቶ ወዲያው ይነሣል፤ ወደ ኋላ መመልከት የሚባል ነገር የለም። ብዙ ማርክ ቀነስሁበት። ተማሪው «ይህማ የታወቀ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ለሚያውቀው ሰው እውነት ነው፤ ድርሰቱ የተጻፈው ግን ለማያውቀው ነበር።

መልመጃ

1. ከምንባቡ አምስት ቦዝ አንቀጾች አውጡ። ከማሰሪያ አንቀጹ ቀድሞ የተፈጸመውንና አብሮ የሚፈጸመውን ለዩ።
2. «ከመውጣቱ በፊት» እና «ከመነሣቱ በፊት» የሚሉትን በ«ከ… በኋላ» ተክታችሁ ዓረፍተ ነገሮቹን ጻፉ። ትርጉሙ እንዳይዛባ የትኞቹን ግሦች ማዘዋወር አስፈለጋችሁ?
3. ከጣርማ በር በኩል ጉም ወርዶ መንገዱ በማይታይበት ጠዋት አንድ ነጂ ሊያደርገው የሚገባውን በአንድ አንቀጽ ግለጹ። ጽሑፋችሁን ሞተር ነድቶ ለማያውቅ ሰው አስነብቡና ያልገባውን ቦታ አስተካክሉ።